ማዶ ያለው ገደል

ወፍ ቆጣሪው ሞቶ የተገኘው ጠዋት ላይ፣ ከንፋስ መለኪያው ምሰሶ በታች፣ ሰፊው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ገጥሟል። የኮቱ ቁልፎች እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ከሩቅ ላየው እንቅልፍ የጣለው መንገደኛ ይመስላል። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ግን ፊቱን አጥቦ አመድ አስመስሎታል።

ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ሳጅኑ ከላይዋ ጃንጥላ ይዞ ከንፋሱ ጋር ይታገላል።

«ማጅራቱን ነው የተመታው» አለች። «በድንጋይ። ድንጋዩ ገደል ገብቷል፤ አናገኘውም።»

የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። ሸሚዙ ደረት ላይ ጭቃና ጠጠር ተጣብቋል፤ ደሙም በአንገቱ ዞሮ እዚያው ረግቷል። ግንባሩም ላይ ዝናቡ ያላጠበው ጠጠር ተሰክቷል።

«እየው። ኮቱ ክፍት ሆኖ በፊቱ ነው የወደቀው። ከዚያ አንድ ሰው ገለበጠው፤ ኮቱንም ቆለፈለት።»

«ኪሱን ሊፈትሽ ይሆናላ።»

«ኪስ የሚፈትሽ ሰው ኮት ይከፍታል እንጂ ይቆልፋል?»

«ሥርዓት ያለው ሌባ ከሆነ...» ሳጅኑ ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። ቦርሳውም ስልኩም በኪሱ ነበሩ። ስልኩ ተራራው ላይ አይሠራም።

አቅርቦ ማያው መነጽር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሌንሶቹ ክዳኖች ግን አልተነሱም። ትልቁ ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው ሻንጣው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ ተጋግሮበት፣ ከላዩ የዚህ ድንጋይ ዙሪያ ጥቁር ጭቃ ተለጥፏል።

«ይሄ ሰው ወፍ ሊያይ አይደለም የመጣው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰው ሊያገኝ ነው።»

ከሻንጣው የመጨረሻ ኪስ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሁለት የአጥንት ስብርባሪዎች ነበሩ። የአንዱ ጫፍ በመላጊያ የተላገ ያህል ልስልስ ነው። ሌላው እንደተሰነጠቀ ሸምበቆ ተንጨፍርሯል።

አጥንት እዚህ ድንጋይ ላይ መገኘቱ አልገረማትም። ከተማው ሁሉ ለወራት ያወራው ይህንኑ ነው። አንድ ኩባንያ በዚህ ተራራ ጀርባ ላይ የንፋስ ተርባይኖች ሊተክል ይፈልጋል። ከተማው ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ መብራት ይምጣልን ይላል፤ ግማሹ ተራራችንን አትንኩብን። ጉዳዩን የሚወስነው የአካባቢ ጥናት ቢሮ ነው፤ ወፍ ቆጣሪውን የቀጠረውም እሱ። ተራራው ላይ አጥንት ሰባሪ የሚሉት ትልቅ ጥንብ አንሳ ይኖራል ከተባለ፣ ሕጉ መቆፈር ይከለክላል። ይህ ወፍ አጥንት ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰማይ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ወፉን ለዓመታት ያየው ሰው አልነበረም። በዚህ ድንጋይ ላይ ግን በቅርቡ የተሰባበረ አጥንት መገኘት ጀመረ። ወፍ ቆጣሪውም ሪፖርቱን ሊያስገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

የምሰሶው ዘበኛ ከጎጆው ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ትናንት ከሰዓት ምን ሰማህ?»

«ዝናብ ሰማሁ። ዝናብ ሲዘንብ ከጎጆዬ አልወጣም፤ ወጣሁ ብል ውሸት ነው። ጉሙም ቢሆን እጅህን አያሳይህም ነበር።»

«ሌላስ?»

ዘበኛው ፈራ ተባ እያለ ወደ ታች፣ ወደ መኪና መንገዱ አየ። «መኪና ሰምቻለሁ። እዚህ መንገድ ላይ መኪና ያለው ኩባንያው ብቻ ነው። እኔ ግን አልተናገርኩም። ደሞዜን የሚከፍሉኝ እነሱ ናቸው። የገዛ አጎቴ ልጅ እንኳ የነሱን ምሰሶ ትጠብቃለህ ብሎ ሰላም አይለኝም፤ አሁን ደግሞ እነሱ ካባረሩኝ ማን ሊያናግረኝ ነው?»

*

ወፍ ቆጣሪው የተከራየው ክፍል ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ግቢ ውስጥ ነው። አከራዩን ከተማው ሁሉ «እማማ» ይላታል። ባሏ የሞተባት፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ እርምጃዋ ግን የወጣት የሆነ ሴት ናት። ሲገቡ የሟቹን ሸሚዞች አልጋው ላይ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ዘመድ አለው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እናቱ ሩቅ ናት። እዚህ እኔ ነበርኩ እናቱ። ተቀመጪ ልጄ። ሾርባ አለ፤ ለሱ የሠራሁት ነው። ድስቱን የሚጨርሰው እሱ ነበር።»

«ይቆይልኝ እማማ። መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ጠዋት። ቁርሱን በላ፤ ወጣ።»

«ሰው አገኛለሁ ብሎዎታል?»

«ለእኔ ለምን ብሎ ይነግረኛል።»

«ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። የሱን አንሶላ ሳይቀር አጥቤ አሰጣሁ።»

ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ ፂሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ወጣት። እማማ የኢንስፔክተሯን ዓይን ተከትላ አየቻቸው።

«ባሌና ልጄ ናቸው። ናዳው በወረደ ጊዜ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ቀሩ። እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ቤት አዝኗል። ሬሳ ግን አልወጣልንም። በየሳምንቱ እየወጣሁ አያቸዋለሁ። ማለቴ ድንጋዩን አየዋለሁ።» ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች። «የኩባንያው ሰውዬ ካርታ አሳየኝ። ለተርባይኑ መሠረት የሚቆፍሩበትን በቀይ ነጥብ አድርጎበታል። ባሌና ልጄ ላይ ነው ነጥቡ። ካሣ እንከፍላለን አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ለየትኛው ነው ካሣው አልኩት።»

«ወፏ ከተገኘች ግን አይቆፍሩም።»

«አይቆፍሩም» አለች እማማ። «አሁን ግን ማን ይመሰክራል? ምስክሩን ገደሉታ።»

*

የኩባንያው ቢሮ ከተማዋ ውስጥ መብራት የማይጠፋበት ብቸኛ ቤት ነው፤ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል። ኢንጂነሩ አልጋ ያላየ ሰው መስሏል።

«ዝም ብዬ ልስማዎት ወይስ ልናገር?» አለ።

«ይናገሩ።»

«ልጁ እኛን የሚጎዳ ሪፖርት ሊጽፍ እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ ገዳዩ እኔ ነኝ፤ አይደል? ከተማው ከጠዋት ጀምሮ የሚያወራው ይህንን ነው። እኔ ተራራ የምጠላ ይመስልዎታል? ያደግሁት ተራራ ሥር ነው። እናቴ የሞተችው ግን ሆስፒታል ውስጥ መብራት ጠፍቶ ነው። ጭስ የሚተፋ የኃይል ማመንጫ ብተክል ይሻላቸው ነበር? ንፋስ እኮ ነው የምንጠይቃቸው።»

«ትናንት ከሰዓት መኪናችሁ ተራራው መንገድ ላይ ነበረች።»

ኢንጂነሩ የደነገጠው ከልቡ ነበር። «መኪናዋ ጋራዥ ነበረች። ሾፌሩ ጎማ ሊያስጠግን ወስዷት።»

ሾፌሩ ተጠራ። በር ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ሳጅኑ ወንበር ሳበለት።

«ተናገር ወንድሜ» አለው። «ይሄ የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው፤ የጎማ ጉዳይ አይደለም።»

«ፍሪጅ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ምን?»

«የእህቴ ፍሪጅ። ቤት ቀይራ ከተራራው ሥር ወዳለው ሠፈር ገባች። ለጭነት መኪና የምትከፍለው የላትም። እኔና ባሏ ጫንንላት። ደረጃው ላይ ፍሪጁ ሊጨፈልቀኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አይቶናል፤ ስቆብናል።»

ጎረቤቱ ሁሉ እውነትም አይቷቸው፣ ስቆባቸውም ነበር። ሳጅኑ ሄዶ ሲጠይቅ ፍሪጁን ሳይቀር አሳዩት። መብራት ስለሌለ ልብስ ተቀምጦበታል።

*

የተራራው ተቆርቋሪዎች ኮሚቴ የሚሰበሰበው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ቲቸር። ኢንስፔክተሯን አስተምረዋታል። ግድግዳው ላይ የተሰበረ አጥንት በትልቁ የሚያሳይ ፎቶ ተለጥፏል።

«ካርታ ስትስዪ ሁልጊዜ የሰሜን ቀስት ትረሺ ነበር» አሏት። «አሁንም አቅጣጫ ስተሻል። ገዳዩን የምትፈልጊው ከመንገዱ ማዶ፣ ጄኔሬተር ያለበት ቤት ነው።»

«አይቼዋለሁ ቲቸር። ፍሪጅ ነው ያገኘሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ተዉት። እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«እኔን ነው?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት፣ አቤቱታ ይዤ። እስኪዘጋ ድረስ ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ። ጠይቂ፤ ጸሐፊዋ መልኬ ሰልችቷታል።»

«አጥንቶቹን መጀመሪያ ያገኘው ማነው?»

«እሱ ራሱ። እኛማ ማን ጉልበት አለው? እዚያ ድንጋይ ድረስ ከኀዘንተኛ በስተቀር የሚወጣ ሰው የለም።»

«ልጁ ከእርስዎ ጋር ተጣልቶ ነበር የሚል ሰው አለ።»

ይህን የነገራት የለም። እንዲሁ ወረወረችው። ሽማግሌው ግን ያወለቁትን መነጽር በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«አልተጣላንም» አሉ በመጨረሻ። «ከትናንት በስቲያ መጣ። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ‹ቲቸር፣ አንድ ሰው ለደግ ነገር ብሎ ቢዋሽ ምን ያደርጉታል?› አለኝ። ሪፖርቱን ማጋነን የፈለገ መሰለኝ። ቆጣ አልኩበት። ‹እውነቱ ይበቃናል፤ አንዲት ነገር እንዳትጨምር› አልኩት። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ልክ ነዎት፤ እውነቱ ይበቃናል› ብሎ ሳቀ። ደስ ብሎት ነው የወጣው።»

ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀረብ ብላ አየችው። የአጥንቱ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነበር።

*

የእንስሳት ሐኪሟ አጥንቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አገላበጠችው። ከዚያ አሸተተችው። ከዚያ ሳቀች።

«ማን ነው ወፍ ነው ያላችሁ?»

«ምን ሆነ?»

«ይሄ በኤሌክትሪክ መጋዝ የተቆረጠ ነው። ጥርሱ የሄደበትን መስመር አየሽው? በዚያ ላይ ተቀቅሏል። ቅባቱ ወጥቶ አልቋል፤ መቅኒው የለም። ወፏ መቅኒውን ፈልጋ ነው አጥንት የምትሰብረው። ይሄንን ብትሰጪያት መልሳ ትጥልብሻለች።»

«ሰው ነው ያስቀመጠው።»

«ወጥ የሚያውቅ ሰው። ደህና አድርጎ ነው የቀቀለው፤ ሥጋ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ጥሬ አጥንት ተሸክሞ ተራራ መውጣት ያስጠላው ይሆናል።»

ኢንስፔክተሯ ተቀመጠች። ጠዋቱን ሙሉ የያዘችው ነገር ሁሉ ተገለበጠባት። ወፍ ቆጣሪው ለተቆርቋሪዎቹ ምስክር ነው ብላ፣ እነሱን ከጥርጣሬ አውጥታ ነበር። ውሸቱን ደርሶበት ከሆነ ግን የሚፈሩት ኩባንያው ሳይሆን ወዳጆቹ ናቸው።

«ሌላኛውስ?»

ሐኪሟ የተንጨፈረረውን አጥንት አነሳች። መሳቋን አቆመች። «ይቺን ተዪልኝ። አንድ አስተማሪዬን ልጠይቅ። ሳላረጋግጥ አልናገርም።»

ኢንስፔክተሯ ከደጅ ሆና ለጥናት ቢሮው ደወለች። ኃላፊው ያገኘችውን እስኪጨርስ ሰምቶ ተነፈሰ።

«ያሳዝናል» አለ። «አንዱ አጥንት በሰው እጅ የተቀመጠ ከሆነ ሁሉንም መጣል ነው። የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ በምን እንለያለን?»

«እውነተኛ ቢኖርስ?»

«ያስቀመጠው ሰው ራሱ ቀርቦ፣ የኔ ይሄ ነው ብሎ ለይቶ ካላሳየን በቀር አንቀበልም። እንዲህ ያደረገ ሰው ደግሞ አይቀርብም። ተራራው አለቀለት በዪው።»

*

ከተማዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ያለው አንድ ሥጋ ቤት ብቻ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ድምፁ ግን ቀጭን ሰው ነው። የኮሚቴው አባልም ነው።

«አጥንት ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ለማን አልሸጥም? ሾርባ የሚወድ ሁሉ ይገዛኛል። ያንቺ ሳጅን ራሱ ባለፈው ወስዷል።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለውሻ ነው።»

«ውሻ አለህ እንዴ?» አለው ባለ ሥጋ ቤቱ። «አጥንቱን ስትመርጥ ግን ለራሱ የሚገዛ ሰው ነበር የምትመስለው።»

«እማማ ጋ ጠብቀኝ» አለች ኢንስፔክተሯ ለሳጅኑ። «የልጁን ሻንጣዎች እንረከብ።» እሱ ሲወጣ ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ ዞረች። «አንተስ? ትናንት ከሰዓት።»

«ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም! ማስረጃ ከፈለግሽ፣ መንገዱ ላይ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ። ዝናቡ ሲጀምር የትምህርት ቤት ልጆች እየጮኹ እዚህ በረንዳዬ ሥር ገቡ። ከዚያ ነጋዴው ሸራውን ሲጎትት ወደቀ፤ ሳቅንበት። ከዚያ የእማማ ልብስ ዝናብ መታው።»

«ምን?»

«ገመድ ላይ አንሶላ አስጥታ ነበር፤ ነጭ፣ ጥርት ብሎ የታጠበ። እማማን አታውቂያትም፤ ደመና ስታይ ነው ልብስ የምታነሳው። ትናንት ግን ዝናቡ እየደበደበው ዝም። ጮኼ ጠራኋት። መልስ የለም። ልጆቹን ልኬ በሩን አስደበደብኩ። መልስ የለም። ማምሻውን አየሁት፤ ያው እዚያው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል። አሞሽ ነበር ወይ ልላት ስል ይሄ መርዶ መጣ።»

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ወደ መንገዱ ወጣች።

ማዶ፣ ከእማማ ግቢ በር ላይ፣ ሳጅኑ ሻንጣዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። እማማ ፊት ለፊቱ ናት። «ይሄ ንፋስ ደረት ይበላል፤ እናትህ አልነገረችህም?» እያለች የኮቱን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ፣ እስከ አንገቱ ድረስ ትቆልፍለታለች። ሳጅኑ አፍሮ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሏል።

ኢንስፔክተሯ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው ጮኸባት፤ አልሰማችውም። ስልኳ ጠራ። የእንስሳት ሐኪሟ ነበረች። የምትለውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ አመሰገነች። ከዚያ ሳትሻገር ወደ ሐኪሟ ቤት ሄደች፤ ትታላት የነበረውን አጥንት ይዛ ተመለሰች።

*

ወጥ ቤቱ ሞቃት ነበር። ድስቱ ምድጃው ላይ በቀስታ ይንተከተካል። ሳጅኑ በሩ አጠገብ ቆመ።

«እማማ፣ አንሶላው ለምን ዝናብ መታው?»

«የቱ አንሶላ?»

«አጥቤ አሰጣሁ ያሉኝ። ዝናብ ሲጀምር ሰዎች ጠሩዎት፤ በር ደበደቡ።»

«ጋደም ብዬ ነበር። ሴትዮ ስታረጅ ትጋደማለች።»

«ኮቱን ማን ቆለፈለት?»

እማማ ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። «ልጄ፣ በአንሶላና በቁልፍ ሰው ትከሻለሽ?»

«አልከስም። ፍርድ ቤት ብወስድዎት ጠበቃዎ እየሳቀ ያፈርሰዋል። አጥንትም ቢሆን ከተማው ሁሉ ይገዛል። ያየ ሰው የለም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።» መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የተንጨፈረረው አጥንት ብቻውን ነበር። «ይሄ ሻንጣው ውስጥ ነበር። አልተቀቀለም። መጋዝ አልነካውም። መቅኒው ተልሶ ወጥቷል፤ ድንጋይ ላይ ያረፈበት ጎን ተፈጭቷል። የሚያውቁት ሰዎች አይተው አረጋግጠዋል። ከሰማይ የተጣለ ነው እማማ። ወፏ አለች።»

እማማ አጥንቱን አየችው። እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው።

«የት?»

«ማዶ ባለው ገደል ሥር ይመስለኛል። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ ነበር፤ ቀይ አፈር ያለው ማዶ ብቻ ነው።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ሁለቱን አጥንት በአንድ መሐረብ ጠቅልሎ ነው የወጣው። የእርስዎን ዓይነት ሊያስነሳ፣ የወፏን ሊያሳይዎት።»

እማማ በርጩማውን ስባ፣ ስትቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ቁርስ ላይ ‹ከሰዓት ድንጋዩ ጋ እንገናኝ› አለኝ» አለች። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣ ነበር። «ስወጣ ሻንጣውን አዝሎ ጉሙ ውስጥ ቆሟል። ‹እማማ፣ የሾርባሽን አጥንት አውቀዋለሁ፤ እኔ እኮ ነኝ የበላሁት› አለኝ። ይስቅ ነበር። ‹ነይ አብረን እንልቀማቸው› አለኝ። እኔ ሳቁን አየሁ። ባሌና ልጄ ከሥሬ ናቸው፤ እሱ ይስቃል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን ወደ ማዶ ዘረጋ። ምሰሶውም በዚያው በኩል ነው። ምሰሶውን የሚያሳየኝ መሰለኝ። እንግዲህ አለቀ፣ ቦታው የኩባንያው ነው የሚለኝ መሰለኝ።»

ሳጅኑ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ለምን ቶሎ አልነገረኝም?» አለች እማማ።

«እየነገረዎት ነበር።»

እማማ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። እጇን ስታወርድ ፊቷ ያረጀ ነበር።

«አሁን ተራራው ምን ይሆናል?»

«የጥናት ቢሮው አንዱ ውሸት ከሆነ ሁሉም ውሸት ነው ብሏል። ይሄንንም ጨምሮ።» ኢንስፔክተሯ አጥንቱን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ያስቀመጠው ሰው ራሱ ቀርቦ የኔ ያ ነው፣ ይሄ የኔ አይደለም ብሎ ካልለየላቸው በቀር።»

እማማ ቀና ብላ አየቻት። ይህች ሴት ወዴት እየመራቻት እንደሆነ አሁን ገብቷታል።

«ልብ ይበሉ እማማ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እስካሁን ያሉኝን አልጻፍኩም። ከጻፍኩ ከዚህ ቤት አብረን ነው የምንወጣው። ወደዚህ ቤት አይመለሱም። ድንጋዩንም ዳግመኛ አያዩትም። ጠበቃ እፈልጋለሁ ቢሉኝ አሁኑኑ ደብተሬን አጥፌ እጠራልዎታለሁ።»

«ከጻፍሽ ያምኑናል?»

«አላውቅም። ላያምኑም ይችላሉ። እውነቱን ነው የምነግርዎት።»

እማማ ተነስታ ምድጃውን አጠፋችው። ድስቱን ከደነችው። እጇን በጨርቅ አድርቃ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ቀጥ ብላ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

«ጻፊ» አለች። «የኔዎቹ የተቀቀሉ ናቸው። ከፊት ለፊት ሥጋ ቤት ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ በመዶሻ ሰባብሬ ነው ያስቀመጥኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ቲቸርም አያውቁም። ያስቀመጥኩበትን ቦታ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ። ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን የኔ አይደለም። ልጁ ነው ያገኘው።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። ብዕሩ ቆመ።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች። «ሌላውን ባይናገሩም...»

«አይሆንም» አለች እማማ። «እኔ ገደልኩት በዪ። እሱን ካልጻፍሽ፣ ያኛውን ማን ያምነኛል?»